ምዕራፍ 6፦ የክትና የዘወትር

ባለፈው ምዕራፍ የተለያየነው ኮፐንሃገን ውስጥ፣ ሮዘንቦርግ ቤተ መንግሥት፣ አንድ የመስታወት ሣጥን ፊት ቆመን ነበር። ሣጥኑ ውስጥ ያለው የዴንማርክ ንጉሥ ክርስቲያን 4ኛ በ1644 በባሕር ላይ ውጊያ ቆስሎ የአንድ ዓይኑን ብርሃን ባጣበት ቀን የለበሰው ልብስ ነው (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የደሙ እድፍ ዛሬም አለ። ከዚያ ወዲህ ስንት ንጉሥ፣ ስንት ጦርነት፣ ስንት ቃጠሎ አልፏል፤ ያ ጨርቅ ግን ተቀምጧል።

ዛሬ ከሮዘንቦርግ ርቀን አንሄድም። በእግር አሥር ደቂቃ ያህል ብንራመድ ሮመርስጋደ የሚባል ጎዳና፣ ቁጥር 22 ላይ፣ የዴንማርክ የሠራተኞች ሙዚየም በር እንደርሳለን። የምዕራፉ ጥያቄ ግን የሚነሣው መንገድ ላይ ሳለን ነው። የአንድ ንጉሥ ደም የነካው ልብስ 380 ዓመት ያህል ከተቀመጠ፣ በ1872 በዚሁ ከተማ ጡብ ሲደረድር የዋለ ግንበኛ ሱሪ የት አለ? ንጉሡ አንድ ሰው ነው፤ ግንበኞቹ እልፍ ነበሩ። ዘመናቸውም ለእኛ ይቀርባል። እንደ ሒሳቡ ቢሆን ከተማዋ በግንበኛ ሱሪ መጥለቅለቅ ነበረባት።

አልተጥለቀለቀችም። ለምን?

ቡፌውና ማጀቱ

እናቴ ሳሎን ውስጥ ባለ መስታወት ቡፌ አለ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ጠርዛቸው ወርቅማ የሆነ ስድስት የሻይ ስኒዎች ተደርድረዋል፤ ለሠርጓ የተሰጧት ናቸው። እኔ በነዚያ ስኒዎች ጠጥቼ አላውቅም። ወንድሞቼም አልጠጡም። የጠጣ እንግዳ ራሱ ትዝ አይለኝም። ያደግንባቸው ኩባያዎች ግን፣ እነዚያ ቀለማቸው ተልጦ ጥቁር ብረታቸው የወጣው፣ ጆሯቸው የተጣመመው፣ ዛሬ አንዳቸውም የሉም።

እንግዲህ ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ተመራማሪ መጥቶ ያንን ቤት ቢመረምር ምን ይጽፋል? «ይህ ቤተሰብ ሻይ የሚጠጣው ጠርዙ ወርቅማ በሆነ ስኒ ነበር።» ማስረጃውን በእጁ ይዟል፤ አልዋሸም። ግን ፈጽሞ ተሳስቷል።

አማርኛ ለዚህ ነገር ሁለት ቃላት ካዘጋጀ ቆይቷል፦ የክት እና የዘወትር። የክት የተከተተ ነው፤ ሣጥን የገባ፣ በዓል እስኪመጣ የሚጠብቅ። የዘወትር ስሙ እንደሚለው በየቀኑ ሰውነት ላይ፣ በየቀኑ እሳት ላይ፣ በየቀኑ እጅ ላይ ያለ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ተረት የምንተርተው የክቱን ወግ ለማሳሰብ ነው። የታሪክ ባለሙያ ግን ተረቱን ገልብጦ፣ ቃል በቃል ሊያነበው ይችላል፦ ለጥምቀት ያልሆነው ቀሚስ እውነትም ተበጣጥሷል። የተረፈው የጥምቀቱ ብቻ ነው። የተበጣጠሰው ደግሞ የዓመቱን ብዙ ቀን የተለበሰው ነው።

ባለሙያዎች ይህን ችግር የሚጠሩበት ስም አላቸው፤ በእኛ ቋንቋ «የተራፊ አድልዎ» ልንለው እንችላለን። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ካለፈው ዘመን እጃችን ላይ የደረሰው ነገር የዚያን ዘመን ኑሮ አያሳይም፤ ከዚያ ዘመን ለመትረፍ ዕድል ያገኘውን ያሳያል። የአንድን አገር የአመጋገብ ልማድ ለማወቅ የሠርግ አልበም ብቻ የሚያገላብጥ ሰው አስቡ። ሕዝቡ ሁሉ ቀኑን ሙሉ ጥሬ ሥጋ እየቆረጠ፣ ጠጅ እየቀዳ የሚውል ይመስለዋል። ሽሮ የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ አይደርስበትም። ሽሮ ፎቶ አይነሣማ!

ሙዚየም በአንድ አነጋገር የአገር የክት ሣጥን ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ የአውሮፓ ሙዚየሞች ከነገሥታትና ከመኳንንት ስብስብ መነሣታቸውን ስናይ ሰፊው ሕዝብ ለምን እንደጎደለ ጠይቀን፣ መልሱን «ስለናቁት ነው» በማለት አልፈን ነበር። ያ መልስ ግማሽ ነው። የቀረው ግማሽ ይህ ነው፦ ማንም ባይንቃቸው ኖሮ እንኳ የድኾች ዕቃ አብዛኛው ከሙዚየም በር አይደርስም ነበር። መንገድ ላይ ያልቃል።

የአንድ ሱሪ ዕድሜ

ወደ ግንበኛው ሱሪ እንመለስ። የምከተለው የአንድ የታወቀ ሰው ሱሪ አይደለም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የአንድ ሠራተኛ ቤተሰብ ልብስ በተለምዶ የሚያልፍበት መንገድ ነው።

ሱሪው ጉልበቱ ላይ ይሳሳል፤ ይጣፋል። መጣፊያው ሲያልቅ በመጣፊያው ላይ ሌላ መጣፊያ ይመጣል። አባትየው ሊለብሰው የማይችልበት ደረጃ ሲደርስ እናትየው ትፈታውና ደህናውን የጀርባ ክፍል መርጣ ለትልቁ ልጅ ቁምጣ ታወጣበታለች። ኮት ከሆነ ደግሞ ተፈትቶ ይገለበጣል፤ ፀሐይ ያልነካው የውስጡ ገጽ ወደ ውጭ ወጥቶ እንደ አዲስ ይሰፋል። (የአዲስ አበባ አሮጌ ልብስ ሰፊዎች ኮት ማስገልበጥ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ፤ ለዚህ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።) ከትልቁ ልጅ ወደ ታናሹ ያልፋል። ከታናሹ በኋላ ወለል መወልወያ ይሆናል። መወልወያው ሲበጣጠስ ደግሞ ኮፐንሃገን የራሷ ቁራሌው ነበራት፦ በየግቢው እየዞረ ጨርቅ፣ አጥንትና ብረታ ብረት የሚሰበስብ። የጥጥ ጨርቁ ወደ ወረቀት ፋብሪካ፣ የሱፉ ተበጥሶ እንደገና ወደ መፈተያ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የሆነውን እንይ። ሱሪው «ጠፋ» ስንል አንድ ቀን ከአንድ ቦታ ተሰወረ ማለታችን አይደለም። ተበልቶ አለቀ። እያንዳንዱ ክር ሥራውን ጨርሶ ነው የሄደው። የንጉሡ ልብስ ግን ከዚያች ቀን በኋላ ምንም ሥራ አልነበረበትም፤ የተረፈውም ሥራ ስለሌለው ነው። በድኻ ቤት ዕቃን የሚያጠፋው ቸልተኝነት ሳይሆን ብልሃት መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። እናትየው ቆጣቢ በሆነች መጠን ለሙዚየም የምታስቀረው ያንሳል።

ከማለቅ የተረፈውም ቢሆን አንድ ቦታ አርፎ አይቀመጥም። ኮፐንሃገን ከ1688 እስከ 1974 የሠራ፣ ዕቃ በመያዣ ተቀብሎ የሚያበድር የመንግሥት ቤት ነበራት። የእሑዱ ሱፍ ሰኞ ይሄዳል፤ ቅዳሜ ደመወዝ ሲገባ ይወጣል። አንሶላ፣ ሰዓት፣ የጋብቻ ቀለበት እንዲሁ። ስለዚህ የሠራተኛው የክት ልብስ እንኳ ከቁም ሣጥን ይልቅ ብዙ ሌሊት ያደረው መያዣ ቤት መደርደሪያ ላይ ነው። ክፉ ወር ከመጣ ደግሞ ሳይወጣ ይቀርና ለሌላ ሰው ይሸጣል፤ ማን እንደለበሰው የሚያውቅ ይጠፋል። በሦስተኛው ምዕራፍ «ዕቃ ያለ ባለቤቱ ታሪክ ዲዳ ነው» ያልነው እዚህ ጋ ይመጣል።

አከራይ ያጡ ሰዎች

አሁን በሩ ላይ ደርሰናል። ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ሕንፃው ራሱ ነው፤ እኔ እንደማምነው የሙዚየሙ ትልቁ ዕቃ እሱ ነው።

በ1871 ሉዊ ፒዮ የሚባል የፖስታ ቤት ሠራተኛ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ የዴንማርክን የሠራተኞች እንቅስቃሴ ጀመረ። በቀጣዩ ዓመት የኮፐንሃገን ግንበኞች የሥራ ቀናቸው ከ11 ሰዓት ወደ 10 ሰዓት ዝቅ እንዲል አድማ መቱ። ፒዮ ለግንቦት 5 ቀን 1872 ከከተማ ወጣ ባለው ሜዳ ላይ ስብሰባ ጠራ። ስብሰባው ተከለከለ፤ መሪዎቹ ታሰሩ፤ የመጣውን ሕዝብ ፖሊስና ፈረሰኛ በተነው። ፒዮ ከእስር ከወጣ በኋላ በ1877 ከፖሊስ በተሰጠው ገንዘብ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። የተከታዮቹን ኩርፊያ መገመት አይከብድም።

የቀሩት ግን መሰብሰቢያ ያስፈልጋቸው ነበር። ባለ አዳራሾች ለእነሱ ማከራየት አልፈለጉም። እናም ከኪሳቸው አዋጥተው በ1879 የራሳቸውን ሕንፃ አቆሙ። ዛሬ ሙዚየሙ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ ትልቁ የስብሰባና የጭፈራ አዳራሽም አለ። በሰሜን አውሮፓ ካሉት የሠራተኞች መሰብሰቢያ ቤቶች አንጋፋው ነው ይባልለታል።

የእኔ ትውልድ አንባቢ «ወዛደር» እና «ላብ አደር» የሚሉትን ቃላት ሲሰማ ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ምስል የተጨበጠ ቡጢና የድምፅ ማጉያ ነው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቆሜ ያሰብኩት ሌላ ነገር ነበር፦ ይህ ሁሉ የተጀመረው ቤት በማጣት ነው። ሰዎቹ የፈለጉት ዝናብ የማይመታው፣ ባለቤቱ «ውጡልኝ» የማይላቸው ክፍል ነበር።

ሕንፃ መሆንም ቢሆን ሁልጊዜ ከማለቅ አያድንም። በዚሁ ከተማ ያክትቫይ በሚባል ጎዳና ቁጥር 69 ሌላ የሠራተኞች ቤት ቆሞ ነበር። በነሐሴ 1910 ጀርመናዊቷ ሶሻሊስት ክላራ ዜትኪንና ጓደኞቿ ለሴቶች ዓለም አቀፍ ቀን እንዲኖር ሐሳብ ያቀረቡበት ጉባኤ የተደረገው እዚያ ነው። ቀኑ ኋላ ነው ማርች 8 ሆኖ የጸናው። አዲስ አበባ ውስጥ በየዓመቱ በየመሥሪያ ቤቱ የሚከበረው «ማርች 8» የትውልድ ቤቱ ይህ ነበር። በ2007 ፈረሰ።

ሰንደቁና ሽርጡ

ሙዚየሙ ሲመሠረት፣ በ1982፣ ወዲያው የገጠመው ችግር ይህ ነው፦ ከሠራተኛው ዓለም የተረፈው ምንድን ነው ብሎ ሲፈልግ በብዛት ያገኘው ሰንደቅ ነው።

የሙያ ማኅበራት ሰንደቆች ያምራሉ። ትልልቅ፣ ባለ ሐር፣ በወርቃማ ክር የተጠለፉ ናቸው፤ የግንበኞች፣ የሲጋራ ጠቅላዮች፣ የአናጢዎች፣ እያንዳንዱ የሙያውን መሣሪያ ይዞ። ከ1890 ጀምሮ በየሜይ ዴይ ሰልፍ፣ በማኅበሩ የልደት በዓልና በአባላት ቀብር ላይ ይወጡ ነበር። ከዚያ ተጠቅልለው ይገባሉ። የታቦት ጥላ የሚቀመጥበትን ጥንቃቄ የሚያውቅ ሰው የዚህን አያያዝ አይስትም። ሰንደቅ የማኅበሩ የክት ልብስ ነው። ስለዚህም ተረፈ።

አሁን የእናቴን ስኒዎች አስታውሱ። ሙዚየሙን በሰንደቅ ብቻ ብንሞላው ጎብኚው የዴንማርክ ሠራተኛ ዕድሜ ልኩን በሰልፍ የኖረ ይመስለዋል። ሰልፉ በዓመት ጥቂት ቀን ነው። በቀሩት ቀናት አንዲት ሴት በቢራ ፋብሪካ ቆማ ጠርሙስ ታጥባለች። ወለሉ ውኃ ነው፤ እግሯ ላይ የእንጨት ጫማ፣ ወገቧ ላይ ሽርጥ። ሽርጡ ይበሰብሳል። ጫማው ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅ ምድጃ ይገባል። የእርሷን አንድ ሽርጥ ማግኘት አሥር ሰንደቅ ከማግኘት ይከብዳል።

ወረቀትም እንደ ሰንደቅ ነው። በ1899 አሠሪዎች ወደ 40,000 ሠራተኞች ላይ በር ዘግተው ወደ 100 ቀን ያህል ቆዩ። ነገሩ መስከረም 5 ቀን በስምምነት አለቀ፤ የዴንማርክ አሠሪና ሠራተኛ እስከ ዛሬ የሚደራደሩበት ሥርዓት መሠረቱ ያ ስምምነት ነው። ሰነዱ አለ። የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎችም አሉ፤ የሠራተኞች እንቅስቃሴ በ1909 የራሱን ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት አቋቁሞ ነበርና (በ2004 ከሙዚየሙ ጋር ተዋህዷል)። በዚያ መቶ ቀን በየቤቱ ምን እንደተበላ ግን ማን ያስቀምጣል? የተበላ አይቀመጥም።

ለዘላቂነት ታስቦ የተሠራ ሁሉ ይተርፋል ማለቴም አይደለም። ሙዚየሙን ስጎበኝ ግቢው ውስጥ የሌኒን ሐውልት ቆሞ አየሁ። በ1991 ግንቦት አዲስ አበባ ላይ የተገረሰሰው ትዝ አለኝና ትንሽ ፈገግ አልኩ። እዚህኛው ማንም አይፈራው፣ ማንም አይጎትተው። እንደ ጡረተኛ ጥግ ይዟል።

እድፉ እንዳይታጠብ

ታዲያ የዘወትሩ ካለቀ ሙዚየም ምን ያድርግ? ሁለት መንገድ አለ፤ ሁለቱም እዚህ ይታያሉ።

አንዱ ሳያልቅ መድረስ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኮፐንሃገን የድሮ የሠራተኛ ሰፈሮቿን፣ በተለይ ኑሬብሮ የሚባለውን ሰፈር አንድ ክፍል፣ ታፈርስ ነበር። ባለ አንድና ባለ ሁለት ክፍል ጠባብ ቤቶች፣ ፀሐይ የማያዩ የጓሮ ሕንፃዎች፣ ግቢ ውስጥ ያሉ የጋራ መጸዳጃ ቤቶች። ማፍረሱ ለጤና ጥሩ ነበር፤ ማንም ወደዚያ ልመለስ አይልም። ሙዚየሙ የተወለደው ግን ያ ሁሉ በጭነት መኪና እየተጋዘ በነበረበት ወቅት ስለሆነ ከመኪናው ፊት መቅደም ነበረበት።

ካዳናቸው ነገሮች ሁሉ እኔን የያዘኝ አንድ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት እስከ 1990 ድረስ ከአንድ ብዙ ልጆች ያሉት ቤተሰብ እጅ ሳይወጣ የኖረ ነው። ሙዚየሙ የወሰደው አልጋውን ብቻ፣ ምድጃውን ብቻ አይደለም። ከነሙሉ ኑሮው ነው የወሰደው። ልዩነቱን ለመረዳት ጀበናን አስቡ። ጀበና ብቻውን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ብታዩት የሸክላ ዕቃ ነው። ረከቦቱ፣ ማጨሻው፣ ቄጤማው፣ ትንሿ በርጩማ፣ ከበርጩማዋ ጀርባ በጢስ የጠቆረው ግድግዳ ሲጨመር ግን ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ለማን እንደሚያቀብል፣ ወሬው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ሁሉ ይገባችኋል። ባለሙያዎች ይህን «አውድ» ይሉታል፤ የዕቃው ጎረቤቶች ማለት ነው።

እዚህ ላይ የዕቃ ጥገና ሙያ አንድ ያልተለመደ ጥያቄ ይገጥመዋል። በተለምዶ ወደ ሙዚየም የገባ ዕቃ ይጸዳል፣ ይታከማል። የድስት ጥቀርሻ፣ የእጅ መደገፊያ ላይ ያለ ወዝ፣ ሰው ሲመላለስበት የሳሳ ወለል ግን ቢጸዳ ወይም ቢቀየር ምን ይቀራል? ከፋብሪካ እንደወጣ ድስት። ከሮዘንቦርግ የተማርነው አንድ ነገር ቢኖር የንጉሡን ልብስ ማንም አለማጠቡ ነው። እድፉ ነው ታሪኩ። የሠራተኛው ቤት የጠየቀው ያንኑ ክብር ነው።

ከዚህ የበለጠ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ያን ያህል ሰው በሁለት ክፍል ተጨናንቆ ሲኖር፣ በዚያ ዘመን ብዙ የዴንማርክ ሠራተኛ ቤተሰቦች አንደኛውን ክፍል ከቻሉ አይኖሩበትም ነበር። «ጥሩው ክፍል» ይሉታል። ደህናው ሶፋ፣ የተጠለፈው መጋረጃ፣ በክፈፍ የገባው ፎቶ እዚያ ነው። የሚገባው እሑድ፣ ገና፣ ወይም ሰው ሲሞት ነው። የዘመኑ የመኖሪያ ቤት ተቆርቋሪዎች ይህን እያዩ ይናደዱ ነበር፤ ልጆች ኩሽና ውስጥ ተደራርበው እያደሩ ባዶ ክፍል ማስቀመጥ ዕብደት መሰላቸው። ሶፋው ላይ ላስቲክ ተለብጦ፣ ምንጣፉ ላይ «ጫማ አውልቁ» እየተባለ ላደገ ሰው ግን ዕብደት አይመስልም። ቤተሰቡ የራሱ ሙዚየም ነበረው። ቀኑን ሙሉ ለሌላ ሰው ላቡን ሲያፈስ የዋለ ሰው፣ ለሥራ የማይውል አንድ ነገር በቤቱ እንዲኖር ፈለገ። እኔ እንዲህ ነው የማነበው።

ሁለተኛው መንገድ ዕቃው ካለቀ ያየውን ሰው መጠየቅ ነው። የዴንማርክ ብሔራዊ ሙዚየም በ1950ዎቹ ያረጁ ሠራተኞች የሕይወት ትዝታቸውን በእጃቸው ጽፈው እንዲልኩ አድርጎ ነበር። መያዣ ቤት ደጃፍ መሰለፍን የመሰለ ነገር ከቁም ሣጥን ሳይሆን ከትዝታ ነው የሚገኘው። ትዝታ ደግሞ የራሱ የክትና የዘወትር አለው፤ ስለ እሱ በምዕራፍ 8 እንመለስበታለን።

እዚህም ያልገቡት

ሙዚየሙን ካደነቅሁ በኋላ ራሱን በራሱ ሚዛን ልመዝነው። ማኅበር የነበረው ሠራተኛ ሰንደቅ፣ ቃለ ጉባኤና አዳራሽ ተወ። ማኅበር ያልነበረውስ?

የቤት ሠራተኞችን ተመልከቱ። ከ1832 እስከ 1921 ዴንማርክ ውስጥ አገልጋይ ሁሉ መያዝ ያለበት ደብተር ነበር፤ መቼ ገባች፣ መቼ ወጣች የሚለው በውስጡ ይጻፋል። ይህ ደብተር ሰነድ ስለሆነ ተርፏል። በውስጡ የሚናገሩት ግን አሠሪዎችና ባለሥልጣናት ናቸው፤ የደብተሩ ባለቤት አንድ ቃል የላትም። በሰው ቤት ጓዳ የምታድር ሴት የራሷ ቡፌ፣ የራሷ «ጥሩ ክፍል» የላትም። ያላት አንድ ሣጥን ነው፤ ስትሄድ ይዛው ትሄዳለች። ማሪ ክሪስተንሰን የምትባል የቤት ሠራተኛ በ1899 በኮፐንሃገን የአገልጋዮች ማኅበር ባትመሠርት ኖሮ ከዚህ ያነሰ ነበር የምናውቀው።

ወይም ከ1893 ጀምሮ ስኳር የሚወጣበትን፣ የቀይ ሥር ዘመድ የሆነውን ሹገር ቢት ለማረምና ለመልቀም ወደ ሎላንድና ፋልስተር ደሴቶች በየዓመቱ ይመጡ የነበሩትን ፖላንዳውያን ልጃገረዶች ተመልከቱ። ስለ እነሱ በ1908 የወጣ ልዩ ሕግ ነበረ፤ ሎላንድ ላይ ቶጌሩፕ የምትባል መንደር ውስጥ ደግሞ ያድሩበት የነበረው ሰፈር ራሱ ሙዚየም ሆኗል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከቱርክ፣ ከዩጎዝላቪያና ከፓኪስታን የመጡት፣ በ1973 መጨረሻ በሩ እስኪዘጋ ድረስ በየፋብሪካው የገቡት ደግሞ ዕቃቸው ገና በየልጆቻቸው ቤት ነው። ከእነሱ ዘንድ የሚደረሰው እንደ 1982ቱ ነው፦ ከጭነት መኪናው ፊት።

ቡና ያልሆነ ቡና

ስወጣ ሙዚየሙ ውስጥ ያለውን የ1950ዎቹ ቡና ቤት ሳላይ ማለፍ አልቻልኩም። የሚቀዳው ቡና አይደለም። ቺኮሪ የሚባል ተክል ሥር ተቆልቶ የተፈጨ ነው። ጀርመን ዴንማርክን በያዘበት ከ1940 እስከ 1945 ባለው ጊዜ ቡና ወደ አገሪቱ መግባት አቆመ፤ ጦርነቱ ካለቀ በኋላም ለዓመታት በራሽን ነበር። ሠራተኛው ቤት ግን ቺኮሪን ከጦርነቱ በፊትም ያውቀዋል፦ እውነተኛውን ቡና ለማብዛት ይቀላቀላል። ያልተቀላቀለው ለእንግዳ ነው። ቡናውም የክትና የዘወትር ነበረው።

መልኩ ቡና ነው። ሲጠጋ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። አፍ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ይጣፍጣል፤ ከዚያ ሥር ሥር የሚል ምሬት ምላስ ላይ ይቀራል። ሰንደቅም ሰነድም ያልነገረኝን ነገር ያ ጉንጭ ነገረኝ፤ የአንድ ተራ ማክሰኞ ጧት ጣዕም። በቡና አገር ተወልጄ ቡና ላልሆነ ቡና ገንዘብ መክፈሌ ግን አሳቀኝና ማታ ለእናቴ ደወልኩ።

«ሥር ቆልተው?» አለች። «ምኑ ይገርማል? እኛስ በደርግ ጊዜ ቡና ሲጠፋ ገብስ ቆልተን እየቀላቀልን ጠጥተን የለ። ማን መጥቶ አየን?»

የዚያን ጊዜው የቀበሌ ራሽን ካርድ አንድ ቦታ ይኖር እንደሆነ ጠየቅኋት። እዚህ አገር እንዲህ ያለውን በመስታወት ሣጥን እንደሚያስቀምጡት ነገርኳት።

«ካርዱን?» ትንሽ ዝም አለች። «ስኳሩ ሲቀር እሳት አያያዝኩበት። ስኒዎቹን ከፈለግሽ ግን አሉ።»